ወገቤና ስግደቴ

ሕመሙ የጀመረኝ በመስከረም ነው። ከቀኝ መቀመጫዬ ተነሥቶ በጭኔ ጀርባ ይወርዳል፤ ባቴን አልፎ ትንሿ ጣቴ ላይ ያቆማል። መጀመሪያ ብርድ መስሎኝ በፎጣ ጠቀለልኩት። ቀጥሎ ጅማት ነው ተባልኩና ታሸሁ። ቁጭ ስል ይብስብኛል፤ ስቆምም ይብስብኛል። ሃያ ስድስት ዓመት፣ መጀመሪያ አምደወርቅ በኋላም ሰቆጣ፣ አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ የልጆችን እጅ ይዤ ፊደል ሳስጽፍ ወገቤ አንድ ቀን ከፍቶብኝ አያውቅም። ጡረታ ወጥቼ አረፍኩ ባልኩ በዓመቱ መጣ። ነገሩ አልገባኝም።

ማማረር አልወድም። ባለቤቴ በሰላም አርፏል። ሁለቱ ልጆቼ በሕይወት አሉ፤ ሴቷ ዐረብ አገር፣ ወንዱ ባሕር ዳር ናቸው። የምበላው አላጣሁም። ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የስቅለት ስግደት ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አስታጉዬው አላውቅም። የቀረሁት ሴቷን ልጄን በወለድኩበት ዓመት ብቻ፣ አራስ ስለነበርኩ ነው። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ግንባራችን መሬት እየነካ እንነሣለን፣ ደግሞ እንወድቃለን። ስጨርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ልቤ ግን ቀልሎ እገባለሁ። የዓመቱን ነገር ሁሉ እዚያ አፈር ላይ ነው የማራግፈው። ዘንድሮ መስገድ እችል ይሆን? ሌሊት የሚያነቃኝ ከሕመሙ ይልቅ ይህ ነበር።

ልጄ በስልክ ስትጨቀጭቀኝ በታኅሣሥ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወገብና እግር የሚያዩበት ክፍል ውስጥ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ባለሙያ አለ። ከወንዱ ልጄ ያንሳል። እግሬን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ሲያነሣው አየር አጠረኝ። ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ ተቆንጥጦብኝ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣኝ። ሰማንያ አራት ኪሎ።

«እማማ፣ ይህ ሁሉ ወገብዎ ላይ ነው ያረፈው። መቀነስ ይኖርብዎታል።»

«ምኑን?»

«ክብደቱን።»

«ሆን ብዬ ልክሳ?»

«ሆን ብለው።»

እኔ ያደግሁት ደሃና ወረዳ ነው። በልጅነቴ ዝናብ የቀረበትን ዓመት አስታውሳለሁ። እናቴ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ እያንሾካሾከች ስትጸልይ፣ በመሐል ጉንጬን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ሥጋ እንዳለው ታይ ነበር። ሰው ሲከሳ ምን እንደሚመስል ያኔ ነው ያወቅሁት። እኛ ዘንድ «ወፈርሽ» ማለት እንኳን ደስ አለሽ ማለት ነው። ይህን ሥጋ እግዚአብሔር ነው የሰጠኝ ብዬ ሳመሰግንበት ኖሬያለሁ። አሁን በትምህርት የበለጠኝ ልጅ መልሺው ይለኛል።

ሦስት ነገር አዘዘኝ። አንደኛው ምግብ መቀነስ ነው። ሁለተኛው በየቀኑ ለጥ ባለ መንገድ ግማሽ ሰዓት መራመድ። ሰቆጣ ላይ ለጥ ያለ መንገድ የት እንዳለ ጠየቅሁት፤ እሱም ገና እየፈለገ እንደሆነ ነገረኝ። ሦስተኛው መሬት ላይ የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው። በሆድ መተኛት፣ መዳፍን መሬት ላይ ማድረግ፣ ደረትን በክንድ ቀና ማድረግ፣ መመለስ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። በእጁ እያሳየ በፍጥነት ነገረኝ። ውጭ ብዙ ሰው ይጠብቀው ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነገሩ በራልኝ። መሬት መውረድ፣ መዳፍ ማስደገፍ፣ ቀና ማለት፣ መመለስ። ይህማ ስግደት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራው የኖርኩት መድኃኒት ኖሯል። ደስ አለኝ። ሐኪሙ ሠላሳ ካለ እኔ ለምን አላበዛም አልኩና ጠዋት አርባ አንድ፣ ማታ አርባ አንድ መስገድ ጀመርኩ። ለስቅለትም መለማመጃ ይሆነኛል ብዬ አሰብኩ። በሁለተኛው ቀን እግሬ ነደደ። በሽታው እየወጣ ነው አልኩ። በአምስተኛው ቀን የግራ እግሬ ጣቶች ጤነኞች ሆነው የቀኙ ደነዘዙ። በስምንተኛው ቀን ግንባሬ መሬት እንደነካ ቀረሁ። መነሣት አልቻልኩም። እንደዚያው በግንባሬ ተደፍቼ ብዙ ቆየሁ። መጸለይ ፈለግሁ፤ የመጣልኝ ቃል ግን «ለምን?» ብቻ ነበር። በኋላ በአልጋው እግር ተንጠላጥዬ ተነሣሁ።

በበትር ተደግፌ ወደዚያው ልጅ ተመለስኩ። ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ።

«እንቅስቃሴውን አልሠሩም ማለት ነው?»

«ሠርቻለሁ። አብዝቼ።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

በትሬን ግድግዳ ላይ አስደገፍኩ። አማተብኩ። ወገቤን አጠፍኩና መውረድ ስጀምር ከወንበሩ ዘሎ ክንዴን ያዘኝ።

«ይቆዩ፣ ይቆዩ። ምንድን ነው እሱ?»

«ያዘዝከኝ።»

«እኔ ይስገዱ አልኩ?»

«መሬት ውረጂ፣ ቀና በይ አላልክም?»

ተቀመጠና ግንባሩን ያዘ። መሳቅም መቆጣትም የፈለገ ይመስል ነበር። ከዚያ ራሱ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ አሳየኝ። ዳሌው ከመሬት አይነሣም፤ ወገብ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይታጠፍም። የኔ ነርቭ የሚቆነጠጠው ሳጎነብስ ነው። በቀን ሰማንያ ሁለት ጊዜ ቆንጥጬዋለሁ ማለት ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ስግደት የለም» አለኝ።

«እስከ መቼ?»

«እኔ እስክነግርዎ።»

በትሬን አነሣሁ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አንገቱ ላይ እንደኔው ክር አለ። ስግደትን የሚከለክለኝና የሚፈቅድልኝ እሱ መሆኑ ግን ግራ ገባኝ። ከሁሉም የከበደኝ ሌላ ነበር። ለእግዚአብሔር የማደርገው ነገር እንዴት ያሳምመኛል?

የነፍስ አባቴ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። እርጅና ተጫጭኗቸዋል፤ ጉልበታቸውም ደካማ ነው። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ እግራቸው ሥር ልቀመጥ ስል በርጩማ አስመጡልኝ።

«አባ፣ ሐኪሙ አትስገጂ አለኝ።»

«እንግዲያ አትስገጂ።»

ይህን ያህል ቶሎ ይመልሱልኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

«ስቅለትስ?»

«ስቅለት ገና ነው።»

«ሲደርስስ?»

«ሲደርስ ወገብሽን እንጠይቀዋለን።»

ሁለተኛውን አነሣሁ። «ክብደት ቀንሺም ብሎኛል። ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው። በጾሙ ብከሳ የጾምኩት ለማን ይሆናል? ለጌታ ነው ለወገቤ?»

መቁጠሪያቸውን እያገላበጡ አዩኝ። «ስትጾሚ ያልበላሽው የት ይገባል?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እበላዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

አፈርኩ። «ሁሉንም፣ አባ።»

«እንግዲያ ግማሹን ለተራበ ስጪው። ለማን ነው የሚለውን ተይው።»

ተሳልሜ ወጣሁ። ስመጣ እንዲፈቅዱልኝ ይሁን እንዲከለክሉኝ የፈለግሁት እኔም አላውቅም። ሁለቱንም አላገኘሁም። እውነታቸውን ግን ነበር። ጾም በገባ ቁጥር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም። ዘጠኝ ሲሆን ሁለት እንጀራ በሽሮ፣ በላዩ ዳቦ፣ ከዚያ የሱፍ ፍትፍት፣ ማታ ደግሞ በሶ። የዓመቱን ግማሽ ጾሜ ለምን እንደማልከሳ ያን ቀን ገባኝ።

መራመዱን በጥር ጀመርኩ። መሬት ላይ የሚሠራውንም እንዳሳየኝ አድርጌ ሠራሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወገቤን እንዲደግፍልኝ ነጠላዬን ጠበቅ አድርጌ አስሬ እወጣለሁ። በትልቁ መንገድ ቤቶቹ እስከሚያልቁበት ሄጄ እመለሳለሁ። ሰው ሁሉ «ወዴት ነው?» ይለኛል። የትም የማይሄድ ሰው ምን ይመልሳል? ጭንቅላቴን ነቅንቄ አልፋለሁ። ሲያመኝ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

በአራተኛው ቀን ልብስ የምትሰፋው ጎረቤቴ ከኋላዬ እየሮጠች ደረሰችብኝ። እሷም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ምንም አልተናገረችም። ዐይኗን እየጠረገች ጎን ለጎን ተጓዝን። ብቻዬን እንዳልሆን አዝናልኝ ነው ብዬ በልቤ መረቅኋት። የመጨረሻው ቤት ደርሼ ስመለስ ቆመች።

«ምነው ተመለስሽ? ቤቱ ወዲህ አይደለም እንዴ?»

«የምን ቤት?»

«የለቅሶው።»

«የማን ለቅሶ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ወገብሽን አስረሽ፣ ከንፈርሽን ነክሰሽ በጠዋት ስትከንፊ ሦስት ቀን አየሁሽ። ዛሬም ብቀር ትታዘበኛለች ብዬ ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ እኮ።»

«ለማን?»

«እንጃ። ለሞተብሽ ሰው።»

ስፖርት እየሠራሁ እንደሆነ ነገርኳት። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«በዚህ ዕድሜሽ? ልታገቢ ነው?»

«ለነርቩ ነው።»

«በይ እንባዬን መልሽልኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ አንዳንድ ጠዋት አብራኝ ትወጣለች። ለሰው ሁሉ ስለነገረችልኝም ወዴት ነው የሚለኝ ቀረ። ስለዚህ አመሰግናታለሁ።

ጾሙ ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዷን እንጀራ በልቼ ሁለተኛዋን ከሽሮ ጋር ጠቅልዬ ቤተ ክርስቲያን በር እወስዳለሁ። እዚያ አቅራቢያችን ካለው ከዝቋላ ወረዳ የመጡ አሮጊት አሉ። ዝናቡ ሲቀር ፍየሎቻቸው አለቁና ወደ ከተማ ወጡ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በደስታ ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ። በአራተኛው ሳምንት እጃቸውን አልዘረጉም።

«ይቺ የእርስዎ ድርሻ ናት አይደል?» አሉኝ።

«ናት።»

«በየሳምንቱ እየከሱ ነው። የሰው ሥጋ አልበላም።»

«ሐኪም ነው እኮ ክሺ ያለኝ።»

«ሐኪም?» ቀና ብለው ፊቴን አዩ። «እኔንም ይየኝ እስቲ፤ ወፍሪ ብሎ ያዝዝልኝ እንደሁ።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ እንጀራዋንም ተቀበሉኝ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ ሌላ ሆነብኝ። በአንድ አገር አንዱ እንዲከሳ፣ ሌላው እንዲወፍር ይታዘዛል። እኔ ያንን በየትኛው ጸሎት እንደማስገባው አላወቅሁም። ለሳቸው የምወስደው እንጀራ እኔን ያድነኛል። ማን ለማን እንደሰጠ ግራ ገብቶኝ ተቀመጥኩ።

ልጄም በቪዲዮ ስታየኝ አለቀሰች።

«እማ፣ የደበቅሽኝ ነገር አለ።»

«የለም።»

«ጉንጭሽ የት ሄደ?»

«መድኃኒቱ ነው የኔ ልጅ። ሂጂ ታከሚ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«ታከሚ አልኩ እንጂ እለቂ አልኩ?»

ስልኩን ወደ እግሬ አዙሬ ያለ በትር ስራመድ አሳየኋት። «አካሄድሽ ጥሩ ነው፤ ፊትሽን ግን አልወደድኩትም» አለችኝ። እኔም መስታወት ሳይ እንደዚያው እላለሁ። ቀሚሴ ሲሰፋኝ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ እናቴ በሁለት ጣቷ ጉንጬን የያዘችኝ ይመስለኛል።

ሰሙነ ሕማማት ከመግባቱ በፊት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሰባ ስድስት ኪሎ ሆኛለሁ። ሕመሙም ከጣቴ ወደ ባቴ፣ ከባቴ ወደ ጭኔ ተመልሷል። ልጁ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው አለ። ሕመም ወደ ላይ ሲወጣ መሻሻል ነው የሚለው ነገር ዛሬም አልገባኝም፤ ግን አመሰገንኩት።

«ዓርብ ስቅለት ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«አንድ ብቻ። ለአንድ አስተምረኝ።»

ብዙ አሰበ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋና አሳየኝ። ወገብን ቀጥ አድርጎ መጀመሪያ በአንድ ጉልበት መንበርከክ። ሁለተኛውን ማስከተል። በእጅ ወደ ፊት እየሄዱ በሆድ እስከ መተኛት መውረድ። ግንባርን መሬት ማስነካት። ሲነሡም በክንድ ተገፍቶ በመጡበት መመለስ። እንደ ሕፃን መዳኽ ነው።

«አንድ። ቢበዛ ሁለት። ይሰማሉ?»

«እሰማለሁ።»

የስቅለት ዕለት ከሴቶቹ ጋር ዛፍ ሥር ቆምኩ። ኪርያላይሶን ተብሎ ሕዝቡ ሲወድቅ እኔ አንገቴን ብቻ ደፋሁ። መጀመሪያ እንደ ሌባ ነበር የተሰማኝ። ሰው ሁሉ ወድቆ አንድ ሰው ብቻ ሲቆም ይታያል። ከዚያ ቀና አልኩና አየሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ስሰግድ ስለኖርኩ ስቅለትን ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር። ግቢው ሙሉ ጀርባ ነው። ነጠላና ጋቢ የለበሰ ጀርባ፣ የወጣት ጀርባ፣ የተማሪዎቼ ጀርባ። ሁሉም አንድ ላይ ይነሣል፣ አንድ ላይ ይወርዳል። አቧራው እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ከእነሱ የተለየሁ መሆኔ አሳዘነኝ። ያንን ማየቴ ደግሞ ስጦታ መሰለኝ። የቱ እንደሆነ ሳልወስን አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።

ሲፈጸም እንደ ልማዱ ተሰለፍን። ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን መታ መታ እያደረጉ፣ ያጎደልነውን ጠይቀው የምንሰግደውን ያዝዙናል። ተራዬ የደረሰው የማያውቀኝ ወጣት ቄስ ጋ ነበር።

«ጾም የገደፉት አለ?»

«የለም።»

«የተቀየሙት?»

«በልቤ።» ማንን እንደሆነ አልነገርኩትም። ወገቤን ነበር።

«መቶ ይስገዱ።»

ታምሜያለሁ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከኋላዬ ሰው ቆሟል፤ እዚያ ቦታ ላይ ሕመሜን ማውራት ደግሞ መሸሽ መሰለኝ። «እሺ አባ» ብዬ ወጣሁ።

ከአጥሩ ጥግ ባዶ ቦታ አገኘሁ። አማተብኩ። በአንድ ጉልበት ተንበረከክሁ፣ ሁለተኛውን አስከተልሁ፣ በእጄ ሄድኩ፣ ወረድኩ። አፈሩ ግንባሬን ነካ። ከታኅሣሥ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እዚያው ትንሽ ቆየሁ። ምንም አልጠየቅሁም። ከዚያ በክንዴ ተገፍቼ፣ ተድኼ፣ ተነሣሁ። እግሬ ዝም አለ። ቆሜ ተነፈስኩ፤ መላ ሰውነቴ ሁለተኛውን ፈለገ።

የነፍስ አባቴ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። በእጃቸው ጠሩኝ።

«ስንት አለሽ?»

«መቶ።»

«ስንት ሰገድሽ?»

«አንድ።»

«ሐኪሙስ ስንት ብሏል?»

«እስከ ሁለት። ግን ሁለተኛውን ከሰገድኩ ሦስተኛው ላይ የምቆም አይመስለኝም፤ እስክወድቅ ነው የምሰግደው። ራሴን አውቃለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም ዛሬ አንድ ነው የሰገድኩት» አሉ። «ጉልበቴ ነው።»

«ማን ፈቀደልዎ?»

«ማንም። ሁለተኛው አልሆነልኝም።»

አጠገባቸው ቆሜ ሕዝቡ ሲሰግድ አየን። ካጠገባችን አንዲት ወጣት ድምፅ እያሰማች ትቆጥራለች።

«ዘጠና ዘጠኙስ፣ አባ?»

«አላውቅም» አሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከሳቸው ሰምቼው አላውቅም። «ፋሲካ ከገባ ሃምሳ ቀን ለማንም ስግደት የለም። ሃምሳው ሲያልፍ ነይና ጠይቂኝ። እስከዚያ እኔም አስብበታለሁ።»

ሊነሡ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ወገቤን ሳላጎነብስ ጉልበቴን አጥፌ ያዝኳቸውና ተነሡ። እስከ በሩ አብረን ሄድን፤ እሳቸው በኔ፣ እኔም በሳቸው ተደግፈን።

ይህን ስጽፍ ሃምሳው አላለቀም። ጠዋት እራመዳለሁ፤ የፍስኩን ምግብ እየቆጠብኩ እበላለሁ። ሌሊቱን ሙሉ እተኛለሁ። ስለዚህ ሁሉ ተመስገን። ዘጠና ዘጠኙ ግን ዕዳዬ ይሁን ምሕረቴ አላውቅም።